ስም የለሽ ጥገና ቤት፣ ስም የለሽ ፋይል

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ፎቅ ላይ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለ። ስም አላወጡለትም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የኮምፒውተር ጥገና፣ የሠርግ ቪዲዮ ቅንብር፣ ፎቶ ኮፒ» ይላል፤ ፎቶ ኮፒው ከተበላሸ ስለቆየ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ይውጣ። ለዚህ ቤት ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የነፈግሁበትን ምክንያት አልሸሽግም፤ አስቀድሞ ግን አራቱን በምን እንዳገኘ ይሰማ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ የጎረቤት ልጆችን ማታ ማታ አስጠናለሁ፤ አብዛኞቹ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፣ ፈተና ስላለባቸውም ወላጆቻቸው እንቅልፍ የላቸውም። የደም ዝውውር ትምህርት ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የምንያዘው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የልብ በሮች። የትኛው ሲከፈት የትኛው እንደሚዘጋ በጠመኔ ሥዬ አስረዳለሁ። ሥዕሉ ግን የቆመ ነው። ልብ ደግሞ አይቆምም፤ ከቆመም ትምህርቱ ሌላ ነው።

ለዚህ የሚሆን ነገር ከቤቴ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ባልደረባዬ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ ሲመለስ የሚንቀሳቀስ የልብ ሥዕል በፍሎፒ ዲስኮች ይዞ መጣ። ከሌላ ሰው የገለበጠው አልነበረም፤ ራሱ የሣለው ነው። የሠራበት ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉትን ቃላት በማውስ ነጥብ በነጥብ ቀርጿቸዋል። «ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሲገዛ ታሳያቸዋለሽ» ብሎ ሰጠኝ። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሲገዛ ያንን ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም አልተገኘም፤ ባልደረባዬም ዛሬ በሕይወት ስለሌለ በምን እንደሠራው የሚነግረኝ የለም። «ዩቲዩብ ላይ ስንት የልብ ቪዲዮ እያለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ያየሁት ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹም ልቡን ትተው ቋንቋውን ሲያሳድዱ ያመሻሉ።

ዲስኮቹን ይዤ ያልገባሁበት የኮምፒውተር ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። አንዱ የፋይሉን ስም አይቶ፣ ከነጥብ በኋላ ያለችውን «ዳት» የምትል ቅጥያ ደልዞ የቪዲዮ ቅጥያ የሆነችውን «ኤቪአይ» አደረጋት፤ አልከፈት ሲለው «ኤምፒ4» አደረጋት፤ እሱም እንቢ ሲለው «እናቴ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰልኝ። የሰው ስም ቢቀየር ሰውየው የማይቀየር መሆኑን የሚያውቅ ልጅ፣ ፋይል ላይ ሲደርስ ይህን እንዴት እንደሚረሳ አላውቅም። ሌላው ደግሞ ገና ዲስኩን ሳያስገባ «ዳታ ማዳን» በሚል ስም ቅድመ ክፍያ ጠየቀኝ። ምን እንደሚያድን ስጠይቀው «ሲወጣ ነው የሚታወቀው» አለኝ። ዲስኬን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ፒያሳው ቤት የላከችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ የሠርግ ቪዲዮዋን እዚያ አሠርታለች። ባለቤቱ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ዲስኩን ሲቀበለኝ ወዲያው ወደ ማሽኑ አልከተተውም። ገልብጦ አየው።

«እትዬ፣ ይህን ከዚህ በፊት የነኩት ሰዎች ምን አደረጉበት?»

«ስሙን ሲቀያይሩ ነው የዋሉት።»

«ስሙን ብቻ ከሆነ እግዜር ይመስገን» አለና በዲስኩ ጥግ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መዝጊያ በጥፍሩ ገፋ፤ በስተኋላዋ ቀዳዳ ተከፈተ። ያ ቀዳዳ ክፍት ሲሆን ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ያነባል እንጂ ሊጽፍበት አይችልም። ያን ሁሉ ዘመን ዲስኩ በእጄ ሲኖር፣ ያን ሁሉ ቤትም ሲዞር፣ ይህችን መዝጊያ የነካት ሰው አልነበረም። ከዚያ በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ዲስኩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች አንዱንም ሳይከፍት በቅድሚያ ዲስኩን ከነሙሉው ገለበጠው፤ ዋናውን በወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝና «ከእንግዲህ የምንነካካው ቅጂውን ነው» አለኝ። አንደኛዋን ኮከብ እዚያው ሰጠሁት።

ቀጥሎ ያደረገው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያለች «ፋይል» የምትባል ትእዛዝ መጠቀም ነው። ይህች ትእዛዝ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ቀዳሚ በሆነው ዩኒክስ ላይ የነበረች ናት፤ የፋይሉን ስም አትጠይቅም፣ ውስጡን ገልጣ የምታውቃቸውን ምልክቶች ትፈልጋለች። በአንድ መስመር መለሰች፦ «ኤፍኤልአይ አኒሜሽን»። እኔ ደስ አለኝ፤ እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«የዚህ ዓይነት ፋይል ዋና ምልክቱ ሁለት ባይት ብቻ ነው» አለኝ፤ ባይት ማለት ፋይል የሚገነባባት አንዲት ቁጥር ናት። «ሁለት ባይት ደግሞ 65,536 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያው በአጋጣሚ የሚገጥም ፋይል አይጠፋም። ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፋይል ስም ግን የሚያወጣው ሰው ወይም ማሽን ነው። ሆዱን እንየው።»

ሆዱን የሚያሳየው ፕሮግራም ሄክስ ኤዲተር ይባላል። ፋይሉን ባይት በባይት ዘርዝሮ፣ በየመስመሩ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት እየደረደረ ያሳያል። እያንዳንዷ ባይት በሁለት ምልክት ትጻፋለች፤ ቁጥሩ 9 ላይ ሲያልቅ በላቲን ፊደላት ከኤ እስከ ኤፍ ይቀጥላል። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ፣ በርጩማዋንም አቀረበልኝ። መነጽሬን አደረግሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች 00፣ 58፣ 09፣ 00 ነበሩ። የኢንቴል ማሽን ቁጥርን ከትንሹ ጀምሮ ስለሚጽፍ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባሉ፤ በእኛ ቁጥር 612,352 ሆኑ። የፋይሉን ርዝመት ከዝርዝሩ ላይ አሳየኝ፤ 612,352 ባይት። አንድ አለ። ቀጥለው «11» እና «ኤኤፍ» መጡ፤ የፋይሉ ዋና ምልክት የሆኑት ሁለቱ እነሱ ናቸው። ከእነሱ በኋላ 30 እና 00፤ ይህ 48 ነው፣ የሥዕሎቹ ብዛት። ከዚያ 40 እና 01፤ ሲገለበጥ 320። ከዚያ «ሲ8» እና 00፤ 200። የሥዕሉ ስፋትና ቁመት ማለት ነው። ከዚያ 08፤ ለእያንዳንዷ ነጥብ ስምንት ቢት፣ ማለትም 256 ቀለም። ወደ ዘጠነኛው መስመር ወረደና መጀመሪያው ላይ ያሉትን በጣቱ ቆጠረ፤ አራት ባይት አለፈና «ኤፍኤ» እና «ኤፍ1» ላይ ቆመ። የኤፍኤልአይ ፋይል ራስጌው፣ ማለትም ስለ ራሱ የሚናገርበት መግቢያው፣ 128 ባይት ብቻ ነው፤ ልክ እሱ እንዳለቀ የመጀመሪያው ሥዕል በዚህ ምልክት ይጀምራል። በአሥራ ስድስት ሲካፈል ስምንት መስመር፤ ዘጠነኛው ላይ ሥዕሉ።

«በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል አይደል የሚባለው?» አለኝ። «ርዝመቱ መሰከረ፣ ስፋትና ቁመቱ መሰከረ፣ የሥዕሉ መጀመሪያ መሰከረ። አሁን አመንኩ።»

እኔ ሠላሳ ዓመት ግድም ተማሪዎቼን «መልሱን ብቻ አትጻፉ፣ ያገኛችሁበትን መንገድ አሳዩ» እያልሁ ስለፈለፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህን የሚያደርግ የእጅ ባለሙያ ሳይ ደረጃውን የወጣሁበት የጉልበት ሕመም ተረሳኝ።

ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሻይ የፈሰሰበት ነው፤ የትኛው ዓይነት ፋይል በምን ምልክት እንደሚጀምር ይዘረዝራል። ሻይ እስኪመጣ እሱን ሳነብ ቆየሁ። ጂአይኤፍ የሚባለው የሥዕል ፋይል ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ ይጀምራል፤ ከስሙ ቀጥሎ ወይ «87 ኤ» ወይ «89 ኤ» ይላል፣ 1987 እና 1989 እ.ኤ.አ. የወጡት ሁለቱ ዓይነቶች ናቸው። ኤቪአይ «ሪፍ» ብሎ ይጀምርና ጥቂት ባይቶች ዘልሎ ነው ስሙን የሚናገረው። ፍላሽ የሚባለው የአኒሜሽን ፋይል «ኤፍ፣ ደብልዩ፣ ኤስ» ወይም፣ ከተጨመቀ፣ «ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤስ» ይላል። ብሌንደር የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ፋይል የገዛ ስሙን በትልልቁ ይጽፋል። የድሮው የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ዘመን ስሪዲ ስቱዲዮ ሁለት «ኤም» ብቻ ነው። ስለ ፍላሽ ስጠይቀው እጁን አራገበ፤ የፍላሽ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አዶቤ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉን ካቆመ ወዲህ በፍላሽ የተሠራ ማስተማሪያ ይዘው የሚመጡ መምህራን ብዙ ናቸው አለኝ። ያንን በሌላ ፕሮግራም አስመስሎ ማጫወት ስለሚቻል ብዙ አያስጨንቀውም።

የእኔው ፋይል ኤፍኤልአይ የመጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ከወጣው «አውቶዴስክ አኒሜተር» ከሚባል የዶስ ፕሮግራም ጋር ነው። ሥዕሉ ከ320 በ200 ነጥብ ሌላ መጠን አያውቅም። በኋላ «አኒሜተር ፕሮ» ሲመጣ ኤፍኤልሲ የሚባል ታናሽ ወንድም ወለደ፤ እሱ በመጠን አይወሰንም፣ ምልክቱም በ11 ፈንታ 12 ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ናት ልዩነቷ። ስሙን ቀያይሮ የሚሞክር ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል?

አንድ ነገር ግን አልገባኝ ብሎ ጠየቅሁት። 320 በ200 ሲባዛ 64,000 ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ባይት ከወሰደች 48 ሥዕል ሦስት ሚሊዮን ባይት ይበልጣል። ፍሎፒው ደግሞ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም። እንዴት ገባ? ጥያቄው ደስ አለው መሰለኝ፣ ወንበሩን አዞረ። የመጀመሪያው ሥዕል ብቻ ነው ሙሉውን የሚጻፈው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ከቀዳሚያቸው የተለወጠውን ነጥብ ብቻ ይመዘግባሉ። ክፍል ገብቶ የመጣውን ሁሉ ከመጻፍ ይልቅ የቀረውን ብቻ እንደሚመዘግብ ስም ጠሪ ማለት ነው። ልቡ ይንቀሳቀሳል፣ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ጥቁሩ ዳግመኛ አይጻፍም። ባልደረባዬ ያንን ጥቁር ጀርባ የመረጠው ለውበት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልለፍ፤ አንዷን ኮከብ ለመንፈግ ያንገራገርሁት እዚህ ላይ ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ መልሶ ገጣጥሞ፣ በስልክም በቴሌቪዥንም የሚታይ ቪዲዮ አደረገውና አጫወተልኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሳይታይ የቆየ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ደም ቅዳ» የሚለው አለ፤ የ«ቅ» ቀለበት ከእግሯ ትልቃለች። ቀዩና ሰማያዊው ደም ይሄዳል። በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ግን ልቡ ልክ አልነበረም። ቀኝ እጄን ግራ አንጓዬ ላይ አድርጌ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

«ልጄ፣ ይህ ልብ ትኩሳት አለበት።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?»

«በደቂቃ ከመቶ ሃያ በላይ ይመታል። አርፎ የተቀመጠ ጤነኛ አዋቂ ከስልሳ እስከ መቶ ነው።»

አልተከራከረኝም። ቆጠረው። በ48ቱ ሥዕል ውስጥ ልቡ አራት ጊዜ ይመታል፤ የሠርግ ቪዲዮ ሲሠራ እንደለመደው በሰከንድ 25 ሥዕል አድርጎ ነበር የገጣጠመው። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ አራት ምት። ወደ ሆዱ ተመለሰ፤ በሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ 05 የምትል ባይት አለች። እሷ ናት ፍጥነቱን የምትናገረው፦ ለእያንዳንዱ ሥዕል አምስት ሰባኛ ሰከንድ። ሰባኛ የሆነበት ምክንያት በዚያ ዘመን ቪጂኤ የሚባለው ስክሪን በዚያ መጠን ሲሠራ በሰከንድ ሰባ ጊዜ ስለሚታደስ ነው። እንግዲህ ሰባ ለአምስት ሲካፈል በሰከንድ አሥራ አራት ሥዕል ይሆናል፤ 48ቱ ሦስት ሰከንድ ከግማሽ ግድም ይፈጃሉ፤ አራት ምት በዚያ ጊዜ ውስጥ ማለት በደቂቃ ሰባ ነው። ባልደረባዬ ሲሥል የገዛ አንጓውን ይዞ እንደነበር እምላለሁ።

ሌላም ነገር ነበረበት። ልቡ ደፍጠጥ ብሏል። የሰው ልብ ጫፉ ወደ ታችና ወደ ግራ የሚያዘነብል ነው፤ ይሄኛው ግን ከላይ የተጫኑት መሰለ። ይህንን እሱ ራሱ ከእኔ በፊት ነው ያየው። የድሮው ስክሪን 320 በ200 ነጥቡን አራት ለሦስት በሆነ መስታወት ላይ ስለሚዘረጋው እያንዳንዷ ነጥብ ከስፋቷ ይልቅ ቁመቷ ይረዝም ነበር። በዛሬ ስክሪን የነጥብ ስፋቷና ቁመቷ እኩል ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ ቁመቱን ያጣል። ያገኘው መፍትሔ አስደነቀኝ፦ በስፋት አምስት ጊዜ፣ በቁመት ስድስት ጊዜ አሳደገው። 1600 በ1200 ሆነ፤ ልክ አራት ለሦስት። በሙሉ ቁጥር ስላባዛው ነጥቦቹ ሳይደበዝዙ ፊደሎቹ ጥርት ብለው ቀሩ።

ሥዕሎቹን ሲያወጣ 49 ሆነው ነበር የተገኙት፤ ራስጌው ግን 48 ይላል። ተርፎ የተገኘውን አሳየኝ፤ ከመጀመሪያው ሥዕል ጋር አንድ ነው። የዚያ ፕሮግራም ልማድ ነው። ሥዕሉ እየተደጋገመ ሲዞር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚያሻግር አንድ ትርፍ ሥዕል በስተመጨረሻ ያኖራል፣ ከቁጥር ግን አያስገባውም። ትርፉ ባይወገድ ኖሮ ልቡ በየዙሩ አንድ አፍታ ይደናቀፍ ነበር። የልብ ምት መዛባትን ለስምንተኛ ክፍል አላስተምርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን «ይህን ፕሮግራም የጻፈው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጂም ኬንት አለኝ። ስሙ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የባዮሎጂ ሰው ስለሆንሁ ይህን ስም የማውቀው ከሌላ ቦታ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ጂኖም (ሙሉ የዘር መዝገብ) ረቂቅ ሲዘጋጅ ቁርጥራጩን ሁሉ የገጣጠመውን ፕሮግራም የጻፈው በሳንታ ክሩዝ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ የነበረ ጂም ኬንት የሚባል ሰው ነው። «አንድ ዓይነት ስም ይሆናል» አለኝ። ፈልገን አየን፤ ሰውየው ያው ነው። የአኒሜሽኑን ፕሮግራም ጽፎ፣ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ጂኖሙን ገጣጠመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. ረቂቁ ለማንም በነፃ በኢንተርኔት ተለቀቀ። የባልደረባዬ ልብ የተሣለበትን መሣሪያ የሠራ እጅ በኋላ የሰውን ልጅ የዘር መዝገብ እንደሰፋ ሳውቅ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ። ይህንንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከልቡ ይልቅ ይህን ወደዱት።

በዲስኮቹ ላይ ሌሎችም ፋይሎች ነበሩ። አንዱ ስሙን በግልጽ የሚናገር ጂአይኤፍ ሆኖ ተገኘ፣ ቅጥያው ብቻ ነው የጠፋው፤ እሱን ዓይን ሳይጨፈን ከፈተው። ሌላው ግን ምንም ምልክት የለውም፣ ትእዛዟም «ዳታ» ብላ ዝም አለች። ባለሙያው ርዝመቱን አየ፤ ልክ 768 ባይት። 256 ጊዜ 3 አለ። 256 ቀለም፣ ለእያንዳንዱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ወደ ሆዱ ገብቶ ቁጥሮቹን ተመለከተ፣ ከ63 የሚበልጥ አንድም የለም። የድሮው ቪጂኤ ካርድ የቀለም ኃይልን ከ0 እስከ 63 ብቻ ነበር የሚቆጥረው። ስለዚህ ይህ የዚያው ፕሮግራም የቀለም ሰሌዳ ነው አለኝ። ስም የሌለው፣ ምልክት የሌለው ነገር በርዝመቱና በጠባዩ ብቻ ታወቀ። ከሥራው ሁሉ ይህንን አበልጬ አደንቃለሁ፣ ምንም እንኳ ፋይሉ ራሱ ለእኔ ምንም ባይጠቅመኝ።

የመጨረሻውን ዲስክ ማንበብ አልተቻለም፤ ማንበቢያው እየደጋገመ ሞክሮ ያንኮራፋል፣ ይተዋል። «የዚህን ገጽ ሻጋታ በልቶታል፤ ባስገደድሁት ቁጥር ይበልጥ ይፋቃል» ብሎ አወጣውና አንድ ሳንቲም አላስከፈለበትም። ለማያውቅ ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ሂሳብ መጻፍ ይችል ነበር።

አሁን የነፈግሁት ኮከብ። ዋጋውን በቅድሚያ አይናገርም። «ሥራውን ሳላይ ምን ብዬ ልንገርዎ» ይላል፤ ምክንያቱ ይገባኛል፣ ጡረተኛ ግን ቦርሳው ውስጥ ያለውን አስቦ ነው ደረጃ የሚወጣው። ለጠቅላላው ሥራ 600 ብር ከፈልሁ። ብዙ ነው አልልም፤ ቀድሜ ባውቀው ግን አንገቴን አልደፋም ነበር። ደረሰኝ ካልጠየቁ አይሰጥም፤ ሲጠየቅም ደብተሩን መፈለግ ይጀምራል። ጥር ላይ ደግሞ አይሂዱ። ሠርግ ነው፤ ሙሽሮችና ሚዜዎች እየገቡ ተራ ሲቀድሙ ባለሙያው ዝም ይላል፣ ቤቱም በከበሮና በእልልታ ቀረጻ ይደነቁራል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል እንጂ የቅንብር ማሽኑ ባለበት ይቆማል። ቪዲዮውን በፍላሽ ዲስክ ሲሰጥዎት የትኛው ፋይል የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁት፤ ሳይጠይቁት አያደርገውም። የሌላውን ሰው ስም የለሽ ፋይል እንዲህ የሚመረምር ሰው የራሱን ሥራ «አዲስ1» እና «አዲስ2» ብሎ ማስቀመጡ አስቆኛል፣ ትንሽም አናዶኛል።

የድሮ ፋይል ያለው ሰው ወደዚያ ሲሄድ ስሙን ሳይቀይር፣ ዋናውን ዲስክ ወይም ሲዲ ራሱን ይዞ ይሂድ፤ የተሠራበት ዓመት ወይም ኮምፒውተር ቢታወስ ይንገረው፣ ፍለጋውን ያሳጥረዋል። ለማስቀመጫ ባዶ ፍላሽ ዲስክ ይያዝ፤ እዚያ የሚሸጠው ውድ ነው። ጠዋት ይሻላል። ከምሳ በኋላ ባለሙያው ሠርግ ቤት ካሜራ ይዞ ይወጣል፣ ረዳቱ ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል፤ እስኪመለስ ድረስ የሚቆመው ያችው ጨለማ ደረጃ ላይ ነው።